የሶልቬግ ማመልከቻ

ዌንዴል ክራቤ በጡረተኞች ማዕከሉ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። የማንበቢያ መነጽሩ ከአንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል፤ በአካባቢው ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከደረጃው አናት ካለው ጠረጴዛ ላይ የስልኩ እጀታ በገመዱ ወደ ታች ወርዷል።

መርማሪ ኢዳ ፕሩት ጎንበስ ብላ አየችው። በሚቀጥለው ወር ስድሳ አምስት ዓመት፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ሜዲኬር የሚጀምርበት ዕድሜ፣ ይሞላታል። «ሜዲኬር የማይከፍለውን እኛ እንሸፍናለን» የሚሉ የአሥራ አንድ ኩባንያዎች ወረቀቶች የወጥ ቤቷን ጠረጴዛ ከሸፈኑት ሰንብተዋል፤ አንዱም አልገባትም። ለከተማው ጡረተኞች ያለ ክፍያ ተጨማሪ መድን ሲያስመርጥ የኖረው ይህ ሽማግሌ ነበር። ለሐሙስ ቀጥሯት ነበር።

በዚያ ጠዋት ሕንጻው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣውን ኦሪን ቢየርኬን አስቀደመች።

«ትናንት ሲጮኹበት ተሰምቷል፣ አቶ ኦሪን።»

«አዎ ጮኼአለሁ! ሚስቴ ሶልቬግ ማርች 12 ስድሳ አምስት ሞላት። በስድስት ወር ውስጥ ካመለከትሽ ስለ ጤናሽ የሚጠይቅሽ የለም። ኦገስት ላይ፣ ኖርዌይ ኦስሎ በተማረችው ቆንጆ ጽሕፈቷ የተጨማሪ መድኑን ማመልከቻ ራሷ ሞልታ ለዌንዴል ሰጠችው። የመድን ኩባንያው ሰዎች አልደረሰንም አሉ! በሴፕቴምበር ልቧ ታመመ። እንደገና አመለከትኩላት፤ ታማሚ አንቀበልም አሉ። ታዲያ ልሳቅ?»

የመድን ሻጩ ከርቲስ ሎማክስ ደግሞ ከረባቱን እያላላ ገባ።

«ደንበኞቼን አስኮብልሎብኛል፣ አልክድም። እሱ በነጻ፣ እኔ በኮሚሽን፤ ማን ያምነኛል? ግን የልጆቹን ልደት እንኳ ከደብተር ካላየ የማያስታውስ ምስኪን ነው። እሱን ገድዬ ምን ላተርፍ?»

የማዕከሉ ኃላፊ ቬርና ኦደጋርድ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ማመልከቻውን ዌንዴል ሰጠኝ፣ የዚያኑ ዕለት በገዛ እጄ ፖስታ ቤት አደረስኩት። የጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ስልኩ ላይ እንደተመዘገበው፣ ዌንዴል ከመሞቱ በፊት የደወለው ለዚያው መድን ኩባንያ ነበር። ኢዳም ደወለች። አንዱ ወደ ሌላው አሻገራት፤ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው። «ፖሊስ ነኝ» ብትል «ጥሪዎ ለኛ ክቡር ነው» አላት ማሽኑ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አንዲት የኩባንያው ሠራተኛ አነሳችው።

«ዛሬ ጠዋት ከዚህ ቁጥር የደወሉትን ሰው ማሽኑ የሶልቬግ ቢየርኬን የልደት ቀን በቁልፍ እንዲያስገቡ ጠይቋል። ሦስት ጊዜ ዲሴምበር 3 ብለው አስገቡ። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ ያለን ማርች 12 ስለሆነ መስመሩ ተቋረጠ።»

ኢዳ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኖርዌዮች ቀኑን ከወሩ ያስቀድማሉ» ስትል ጀመረች። «ሶልቬግ ማርች 12ን ስትጽፍ 12/3 ትላለች። የኛ የአሜሪካ ሰው ግን ወሩን ስለሚያስቀድም፣ ሲያነበው ዲሴምበር 3 ይሆንበታል። ዌንዴል ልደት በቃሉ አይዝም፤ ስለዚህ መነጽሩን አድርጎ ከወረቀት ነው ያነበበው። ሁለተኛውን ማመልከቻ የሞሉት አቶ ኦሪን ናቸው፣ ቀኑም ትክክል ነው። በሶልቬግ እጅ የተጻፈው የኦገስቱ ብቻ ነው። ፖስታ ቤት ደረሰ የተባለው ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ግን እዚህ ነበር።»

ኦሪን ከወንበሩ ተነሣ።

«ወረቀቱን ማን ወሰደው? አቶ ኦሪን ቢያገኙት ደረታቸው ላይ ለጥፈው በዞሩ ነበር፤ ለሚስታቸው ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። አቶ ከርቲስ ቢያገኙት የዌንዴልን ስም ለማጥፋት ከተማውን ያዳርሱበት ነበር። እንዳይታይ የሚፈልገው፣ ልኬዋለሁ ያለ ሰው ብቻ ነው።»

ቬርና ከሹራቧ ኪስ አራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ረሳሁት» አለች። «ዌንዴል ዛሬ ቴምብር ሲፈልግ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘው። ጥፋቱ የማዕከሉ ነው ብዬ ልንገራቸው ብሎ ደወለ። ስልኩ ሲቋረጥበት ልነጥቀው ታገልኩ፤ አልለቅም አለ። ገፋሁት። ደረጃው ከኋላው እንደሆነ... አምላኬ፣ ዌንዴልን!»

ኦሪን ወረቀቱን አየና ወደ ከርቲስ ዞረ። «አሁን ብንሰጣቸው ይቀበሉናል?»

ከርቲስ ዓይኑን ሰበረ። «የሚቆጥሩት የደረሳቸውን ቀን ነው፣ አቶ ኦሪን። ተከራከሩ፣ አብሬዎት እጽፋለሁ። ግን ተስፋ አልሰጥዎትም።»

«ለሶልቬግ...» አለች ቬርና፣ «ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

«እኔ? ራስሽ ንገሪያት» አለ ኦሪን። «ደረጃ መውጣት አቅቷት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላለች።»

ኢዳ ያወጣችውን ካቴና መልሳ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቬርና ወደ መኪናው እንድትሄድ የውጪውን በር ከፍታ ያዘችላት።