የእማማ ፓይበስ አፈር

ኢኒድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ሃል በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ፣ እኔ በማስተምርበት ሰፈር ነው። ጊዜው የጦርነት ነውና በየጓሯችን ከአውሮፕላን ቦምብ የምንሸሸግበት የቆርቆሮ መጠለያ ነበረን። ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ላዩና ጀርባው ላይ ደግሞ አፈር በደንብ ይከመርበታል፣ ፍንጣሪ እንዳይበሳው። ሰፈርተኛው አፈር ካየ መች ያስችለዋል? እላዩ ላይ ሰላጣ ይተክልበታል!

ያን ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውድድር አወጣን። በመጠለያው ጣሪያ ላይ ያማረ አትክልት ያበቀለ ልጅ በስኳር ውሃ የታሸገ አንድ ጣሳ የኮክ ፍሬ ይሸለማል፤ ዳኛው እኔ ነኝ። ኮክ! እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ያኔ ስኳር እንኳ በራሽን ነበር።

የኢኒድ አፈር ግን ድንጋይ ብቻ ነው። ጎረቤቷ እማማ ፓይበስ ዶሮ ስለሚያረቡ የእሳቸው አፈር ጥቁርና ለም ነበር። «አፈር እኮ ነው፤ አፈር ማን ይቆጥራል?» አለች ኢኒድ ለራሷ። አሮጊቷ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ከመጠለያቸው ጀርባ አንድ ባልዲ ዛቀች። በማግስቱም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሰላጣዋ ፋፋ፤ የእማማ ፓይበስ ቆርቆሮ ግን ከጀርባው ራቁቱን ቀረ።

እናቷ «ይሄን የመሰለ አፈር ከየት አመጣሽ?» ብትላት፣ «ቆፍሬ ነዋ!» አለች። አያችሁልኝ ውሸቷን?

ውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ኢኒድና እናቷ ወደ መጠለያቸው ሮጡ። ከአጥሩ ማዶ እማማ ፓይበስ አንዲት ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ራሳቸው መጠለያ ያዘግማሉ። ኢኒድ ብትናገር ኮኩ ቀረ። ዝም ብትልስ? ወደ አጥሩ ሮጠች።

«እማማ! እዚያ አይግቡ!»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«አፈርዎን ሰርቄዋለሁ! ጀርባው ባዶ ቆርቆሮ ነው! እኛ ጋ ይምጡ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

እናቷ አሮጊቷን ከነዶሯቸው በአጥሩ ቀዳዳ ጎትታ አስገባቻቸው። ሦስቱም ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ኢኒድ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ለአንድ ጣሳ ኮክ ሸጥሽኝ?» አሉ እማማ ፓይበስ። «እኔ እኮ ቢያንስ ሁለት ጣሳ የማወጣ ይመስለኝ ነበር!»

ይህን እንዳሉ መሬቱ ተናወጠ።

አደጋው አለፈ ሲባል ወጥተው አዩ። የቦምቡ ፍንጣሪ ራቁቱን የቀረውን ቆርቆሮ በስቶ፣ አሮጊቷ የሚቀመጡበትን አግዳሚ ሰንጥቆታል። እማማ ፓይበስ ጣታቸውን በቀዳዳው ከተቱ። ከዚያ ኢኒድን እቅፍ አድርገው ግንባሯን ሳሟት። «እንኳን ተናገርሽ፣ ልጄ» አሉ።

ኢኒድ ያን ቀን እስኪመሽ አፈሩን ስትመልስ ዋለች። እሑድ ለዳኝነት ብሄድ ጣሪያዋ ላይ ከድንጋይ በቀር ምንም የለም።

«ሰላጣሽስ?» አልኳት።

ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «አፈሩ የእማማ ፓይበስ ነው። ሰርቄ ነበር፤ መለስኩት» አለች።

ኮኩን ለሌላ ልጅ ሰጠሁ። ኢኒድ ግን ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእማማ ፓይበስ ጎን ተቀምጣ ስትዘምር ድምፅዋ ጣሪያ ይነካ ነበር።

ልጆቼ፣ የሰውን ነገር ትንሽ ነው ብላችሁ አትንኩ፤ ከነካችሁም፣ ቢያሳፍርም፣ ቶሎ ተናገሩ።