ከማሉና የእንቅልፉ ጭምብል

በቡታጅራ ሰው አንኮራፋ ተብሎ አይታፈርም። እንዲያውም እንደ ጤና ይቆጠርለታል። «ደልቶት ነው፤ ክትፎውን በቆጮ አድርጎ ጥግብ ብሎ ተኝቷል» ይባላል። የሹፌሩ የከማሉ ማንኮራፋት ደግሞ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይገባ ነበር። አጥር የሚጋራው ወልደማርያም ጠዋት በር ላይ ሲያገኘው፣ «ምነው ከማሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ስትወጣ አደርክ፤ ለመሆኑ ስንት ሰው ጭነህ ነው?» እያለ ያሾፍበታል። ከማሉም በሂና የቀላ ጢሙን እየዳበሰ ይስቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ የሚያወራለትን ነገር እሱ አንድ ቀን እንኳ ሰምቶት አያውቅም።

የማያስቀውን ክፍል የምታውቀው ሚስቱ ባሂራ ብቻ ነበረች። ያ ሁሉ ጩኸት መሀል ላይ ድንገት ጸጥ ይላል። ትንፋሽ የለም። ባሂራ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች፤ ሲቆይባት በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች። ያኔ ከማሉ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ፣ ተገላብጦ፣ ማንኮራፋቱን ካቆመበት ይቀጥላል። ዱካክ ነው ብላ እናቷ የነገረቻትን ሁሉ አደረገች፤ ቁርኣን ቀራችለት፣ ከትራሱ ሥር ቢላ አስቀመጠች። ዱካክ የተባለው ግን አልሄደም። እሷም ባሏን እየጎሸሙ ማደርን እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ ለመደችው።

ከማሉ ከቡታጅራ አዲስ አበባ የሚመላለስ ዶልፊን ሚኒባስ ነበረው። መንገዱ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ሥራው ደርቷል። እሱም ጥንቁቅ ሹፌር ነው፤ መታጠፊያ ላይ የማይቀድም፣ ከልክ በላይ የማይጭን፣ ሽማግሌ ሲያይ ቆሞ የሚያሳፍር። ብቻ ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል፤ ምሳ ከበላ በኋላም ዓይኑ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጫት።

«ሹፌርና ጫት ባልና ሚስት ናቸው» ይላል የሥራ ጓደኛው ሙሀመድሰይድ። «እንቅልፍ የሚሉት ነገር ፈሪ ነው፤ ቅጠል ሲያይ ይሸሻል።»

የጉራጌን አረፋ ታውቁታላችሁ። ክርስቲያኑ ለመስቀል እንደሚገባ ሁሉ ሙስሊሙ ለአረፋ ይገባል፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ተማሪው ደብተሩን አጥፎ፣ ሁሉም ወደ አገሩ ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን ሹፌር አይተኛም። አለመተኛቱም እንደ ጀግንነት ይወራለታል፤ «እገሌ እኮ ሳይተኛ ስንቴ ተመላለሰ!» ይባላል። ያን የሚለው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ከኋላው ልጁን አቅፎ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ለራሱ ሞት የሚያጨበጭብ ሰው ካያችሁ እሱ ነው።

በአንዱ አረፋ ዋዜማ ከማሉ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠችው የገዛ ልጁ ሰልሚያ ነበረች። አዲስ አበባ የምትማር፣ ለበዓል የምትገባ ልጅ ናት። ከማሉ ጉንጩን ወጥሮ ቅጠሉን እያላመጠ ነበር። ቲያን አልፈው ሜዳው ላይ ሲደርሱ፣ ቀን በብርሃን፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ግራ ሄደ። ሰልሚያ ዞር ስትል አባቷ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ዓይኑን ከድኗል። ከፊት ለፊት አይሱዙ እየመጣ ነበር። «አባ!» ብላ መሪውን በሁለት እጇ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ዶልፊኑ ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ የጤፍ ማሳ ውስጥ ገብቶ፣ እየተንገጫገጨ ሄዶ ቆመ። ከሁለት ሰው ግንባር መላላጥ በቀር ማንም አልተጎዳም።

ሰው ሁሉ ወርዶ አላህን ሲያመሰግን ከማሉ ጎማውን ዞሮ አየና፣ «ጎማው ነው፤ ድንገት አየር ቀነሰብኝ» አለ። ተሳፋሪውም አመነው፤ የተከበረ ሰው ነዋ። ሰልሚያ በሰው ፊት አባቷን አላሳፈረችም። ቤት ገብተው ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ ግን፣ «አባ፣ ጎማው ምንም አልሆነም» አለች። «ተኝተህ ነበር።»

ባሂራ ይህን ስትሰማ ለዓመታት የያዘችውን አወጣችው። «ሌሊት ትንፋሹ ይቆማል። እኔ ነኝ እየጎሸምኩ የማኖረው።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አለ ከማሉ።

«ነግሬህ ነበር። ጠግቤ ስለተኛሁ ነው ብለህ ስቀህብኝ ሄድክ።»

ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄደ። አንድ ሌሊት ሰውነቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙትና ውጤቱን ነገሩት። በሽታው እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ነው። «ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል» አለው ሐኪሙ። «አየር ሲያጥር አንጎልዎ ይቀሰቅስዎታል፤ እርስዎ አያውቁትም እንጂ ሲነቁ ነው የሚያድሩት። ጫት እንቅልፍን ያባርር ይሆናል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ልብዎንም ይጎዳዋል። ሕክምናው እስኪይዝልዎ ድረስ መሪ እንዳይጨብጡ።» የታዘዘለት ሲፓፕ የሚሉት ትንሽ መሳሪያ ነው፤ በቱቦና በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። መርካቶ የሚነግደው የወንድሙ ልጅ አብዱልሃፊዝ ከዱባይ አስመጣለት። ዶልፊኑም ለጊዜው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ።

ይኸውላችሁ፣ ችግሩ አለቀ ስንል ተጀመረ። ከመሳሪያው ጋር የመጣው ጭምብል አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚከድን ትልቅ ነገር ነው። የከማሉ ጢም ደግሞ በቡታጅራ የታወቀ ጢም ነው። ጭምብሉ ጢሙ ላይ አልገጥም አለ፤ አየሩ በጠርዙ እየፏጨ ወደ ዓይኑ ይነፋል፣ ሲገላበጥ ደግሞ ወደ ባሂራ ይነፋል። እንዳያፈስ ብሎ ማሰሪያውን ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ አደረገው። የአፍንጫው አጥንት ተላጠ።

ባሂራ ባሏ ሲቆስል ዝም ብላ አታይም። በእኛ አገር ቅቤ ያልገባበት መድኃኒት መቼ አለ? ለጋ ቅቤ አምጥታ አፍንጫውንም ጉንጩንም አራሰችው፤ ጭምብሉ እንዲለሰልስም ጠርዙን ዙሪያውን ቀባችው። ለጥቂት ጊዜ ደስ አለው። ከዚያ ጭምብሉ እየተንሸራተተ አንዴ ግንባሩ ላይ፣ አንዴ አገጩ ሥር መገኘት ጀመረ። ጠርዙም ሻከረና ሽታ አመጣ። በዚህ ላይ ሰፈሩ፣ «ከማሉ በኦክስጅን ነው አሉ የሚኖረው» እያለ ሊጠይቀው መጣ፤ አንዳንዱማ ፍራፍሬ ይዞ ነው።

«እኔ ገና አልሞትኩም» አለና መሳሪያውን ካርቶኑ ውስጥ ከቶ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው።

ሙሀመድሰይድ ከዚህ የተሻለ ወሬ አልሰማም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፤ ጫትህን እናውቀዋለን። አባቶቻችን በቱቦ ነው የተኙት? ይልቅ የዘንድሮው አረፋ እየደረሰ ነው፤ መኪናህን ተረከብ።»

ከማሉም ልቡ አዘነበለ። መሪ የለመደ እጁ ሙስበሃ ሲቆጥር መዋሉ መሮታል። ሰልሚያ ስትደውልም፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ መሳሪያውን ለምጄዋለሁ፤ ለአረፋ እኔው መጥቼ አመጣሻለሁ» አላት። ባሂራ ግን ስልኩን ከእጁ ተቀበለችና፣ «ካርቶን ውስጥ ነው ያለው» አለች።

ሰልሚያ ስልኩን ለአባቷ እንድትመልስ ጠየቀቻት። ከዚያ፣ «አባ፣ በሌላ ሰው መኪና ነው የምመጣው» አለች። «አንተም ከነዳህ በዚያ መንገድ ላይ አንተን እያሰብኩ ነው የምመጣው። እኔ ልጅህ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚቀመጠውም የሰው ልጅ ነው።»

አንድ የቡታጅራ ሹፌር፣ ደጁ ላይ መኪና ቆሞ፣ ልጁ ለአረፋ በሌላ ሰው መኪና ስትገባ አስቡት። ከማሉን ከሐኪሙም፣ ከማሳውም ይልቅ ይህ ቆረጠው። ያን ቀን ምሳ አልበላም። አመሻሹ ላይ ወንበር አስጠግቶ ካርቶኑን አወረደ።

በማግስቱ ከባሂራ ጋር አዲስ አበባ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰ። እዚያ ታካሚዎችን ጭምብል የምታለማምደው ሲስተር አደይ የምትባል፣ ረጋ ያለች፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ጭምብሉን ከፌስታል አውጥታ አሸተተችው።

«ጋሼ ከማሉ፣ ይኼ ቅቤ ነው ወይስ አፍንጫዬ ነው?»

«ቅቤ ነው፤ ለጋ ቅቤ» አለ ከማሉ አንገቱን ደፍቶ።

«ክትፎ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች እየሳቀች። «ቅባት ጠርዙን ያበላሸዋል፤ ፊት ላይም አያስቀምጠውም። የሚፈልገው ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው። ማሰሪያውንም እንዲህ ማጥበቅ አያስፈልግም።»

«እህቴ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ» አለ ከማሉ። በመንገዱ ሁሉ ሲያሰላስለው የመጣው ነው። «ጢምህን ተላጭ እንዳትይኝ። እሱን አልችልም።»

«ማን ይላጩ አለዎት? ጫማ ሲጠብዎት ጫማውን ነው የሚቀይሩት እንጂ እግርዎን አይቆርጡም። የመጀመሪያው አልሆነም ማለት ሕክምናው አልሆነም ማለት አይደለም። ለምን ተመልሰው አልመጡም?»

ከማሉ ራሱን ጠየቀ። እውነትም ለምን? የመኪናው ፍሬን ቢጮህ በዚያው ቀን ጋራዥ ይወስደዋል።

አደይ በአፍንጫው በደንብ ይተነፍስ እንደሆነ አየችና ሌላ ዓይነት አወጣች። ትንሽ ነው፤ በሁለት ለስላሳ ጫፍ የአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ጢም አይነካ፣ የአፍንጫ አጥንት አይነካ። መሳሪያውንም አየሩ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቆይቶ እየጨመረ እንዲነፋ አስተካከለችው። «ቀን ቀን ሬዲዮ እየሰሙ ያድርጉት። ፊትዎ ይልመደው፤ ከዚያ እንቅልፉ ይከተላል» አለችው። ለሙከራ ወንበር ላይ አስደግፋው ሌላ ታካሚ ልታይ ወጣች። ስትመለስ ከማሉ ጭምብሉን እንዳደረገ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል። ድምፅ የለም። ባሂራ ከጎኑ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ምን ሆኑ እናቴ?» አለቻት አደይ።

«ምንም» አለች ባሂራ። «እሱ እንዲህ ሲተኛ አይቼ አላውቅም።»

በአንድ ጊዜ አልተለመደም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ጠዋት ጭምብሉ ወለል ላይ የሚገኝበት ቀን ነበር፤ አፍንጫው የሚደርቅበት ቀን ነበር። መብራት የጠፋበት ሌሊት በጎኑ ይተኛል፤ መንዳት ከተፈቀደለት በኋላም እንዲህ ያለ ሌሊት ሲያልፍ በማግስቱ መኪናውን ለተተኪው ሹፌር ይሰጣል እንጂ አይነዳም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲነሳ የሆነ ነገር ጎደለበት። ፊቱን ታጥቦ፣ ፈጅር ሰግዶ ሲጨርስ ነው የገባው፤ የጎደለው የራስ ምታቱ ነው። ባሂራ ግን በመጀመሪያው ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ጸጥታው አስፈርቷት፣ መዳፏን ወደ አፍንጫው እያስጠጋች ነፋሱን ስትፈትሽ ታድር ነበር። «አልሃምዱሊላህ» አለች ኋላ ላይ፣ «ክርኔም አረፈ።»

ሐኪሙ አይቶት፣ መንዳት ትችላለህ ሲለው ከማሉ ቀጥታ ወደ ሙሀመድሰይድ ሄደ። በርጫው ላይ አገኘውና ሰው ፊት፣ «ያን ጊዜ ጎማው አልነበረም፤ ተኝቼ ነው» አለ። «ውሸቴን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም።» ሙሀመድሰይድ በዚያ ቀን አፌዘበት። በሦስተኛው ቀን ግን ብቻውን መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔም ሚስት ትንፋሽህ ይቆማል ትለኛለች፤ ያቺ ሲስተር የት ነው የምትገኘው?» አለው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ጥጋብም ግን አይደለም። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ትንፋሹ እየቆመ ከተነሳ፣ ቀን እንቅልፍ ከጣለው፣ ሳትስቁ ንገሩት። የተነገረውም ሳይስቅ ይስማ። መጀመሪያ የተሰጠው ጭምብል ካልተመቸው ይመለስና ሌላ ይጠይቅ፤ ካርቶን ማንንም አላዳነም። ሹፌር ሳይተኛ ተመላለሰ ብለን ማሞገሱንም እንተው። የተኛ ሹፌር ነው የሚመሰገነው፤ ቤቱ የተኛ።

አረፋ ደረሰ። ሰልሚያ ከእናቷ ሁሉን ሰምታ ስለነበር አዲስ አበባ መናኸሪያ ስትመጣ አባቷን ዓይን ዓይኑን አየችው፤ የዓይኑ ቅላት ጠፍቷል፣ ጉንጩም ከጫት ባዶ ነው። ቦርሳዋን ከኋላ አስቀምጣ ጋቢና ገባች። መጀመሪያ ላይ እንደ ዘበኛ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ከማሉም ያውቃል፤ መንዳቱን ይቀጥላል። መልካ ቁንጥሬን ወረዱ፣ ወጡ። ቲያን አለፉ። ያ የጤፍ ማሳ በግራና በቀኝ ሲመጣ ከማሉ ትከሻው ላይ ክብደት ተሰማው።

ሰልሚያ ራሷን አባቷ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «ሹፌር፣ ዘፈኑን ከፍ አድርገው እንጂ፤ በዓል እኮ ነው!» አለ።

ከማሉ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል እጁን ሰደደና ቴፑን አጠፋው።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ በዝግታ። «ልጄ ተኝታለች።»