ቀጥ ያለው ገመድ

ለሦስተኛ ጊዜ አሰላችው፤ ለሦስተኛ ጊዜም ያው ቁጥር ወጣ። አራት ቶን።

ልጅቷ እርሳሷን ነክሳ ደብተሯ ላይ አፈጠጠች። የፊዚክስ አስተማሪው «በአካባቢያችሁ የተሰቀለ ገመድ ፈልጉና ውጥረቱን፣ ማለትም ገመዱ የሚሳብበትን ኃይል፣ አስሉ» ብለው ነበር። ሌሎቹ የልብስ ማስጫ መረጡ። እሷ ግን ኮራ ብላ የአባቷን መሻገሪያ መረጠች፤ ከወንዙ ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ገመድና ሰው የሚጫንበት ተንጠልጣይ ሳጥን። ድሮ ሳጥኑ መሀል ሲደርስ ገመዱ ሁለት ሜትር ይረግብ ነበር። ተሳፋሪዎች «ገመድህ ቦርጭ አወጣ እኮ!» እያሉ ሲያሾፉበት አባቷ ደሙ ይፈላ ነበር። በቀደም ማጥበቂያውን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ቀጥ አደረገው። አሁን የሚረግበው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት፤ እሷም ጭምር።

በሁለት ሜትሩ ጊዜ ውጥረቱ አንድ ቶን ነበር፤ አሁን አራት ሆኗል። ገመዱ ሲገዛ አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ ከሦስት ቶን እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ወረቀቱን ለአባቷ ያነበበችለት ራሷ ናት።

ከትምህርት ቤት ወጥታ በወንዙ ዳር በሚያልፈው መንገድ ወደ ቤት አቀናች። ሰው ፊት ልትናገረው አልፈለገችም፤ አባቷ ከምንም በላይ የሚጠላው መሳቂያ መሆንን ነው። እቤት ብቻውን ሲሆን እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ወንዙ ዳር ስትደርስ ግን ሦስት ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሕፃን ያዘለች ሴትም አንድ እግሯን አስገብታለች።

«አባዬ፣ አታሻግራቸው!»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ገመዱ ከመጠን በላይ ጠብቋል። መላላት አለበት።»

አባቷ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ ሳቀ። «ሰማችሁልኝ? ስንት ደክሜ ያጠፋሁትን ቦርጭ መልስ ትለኛለች!»

«ተዋት ባክህ፣ ትምህርቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለች ሴትየዋ።

ልጅቷ ፊቷ ጋለ። ዕቃ ማሰሪያ ገመድ ከመሬት አነሳች። አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አሰረች፣ ቦርሳዋን መሀሉ ላይ አንጠለጠለችና ሌላውን ጫፍ ለአባቷ ዘረጋችለት።

«እስቲ ሳብና ቀጥ አድርገው።»

«ይቺን?» አለ እየሳቀ። ሳበ። ቦርሳው ከፍ አለ፣ ገመዱ ግን አልቀናም። በሁለት እጁ ያዘው፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ቀጥ ሊል በቀረበ ቁጥር ይብስ ይከብዳል። እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ደግሞ ሳበ፤ አልቻለም።

«ጉልበት አለቀ በለኛ!» አለ አንዱ ከሳጥኑ ውስጥ። ሁሉም ሳቁ።

«ቦርሳው ውስጥ አምስት ደብተር ብቻ ነው ያለው አባዬ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አባቷ አልሳቀም። ቀና ብሎ የብረት ገመዱን አየ፤ ከዚያ ሕፃኑን። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ውረዱ» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም።

«ውረዱ ነው የምላችሁ!»

እያጉረመረሙ ወረዱ። አንደኛው «በልጁ የሚታዘዝ ሰው!» ሲል ሁሉም ሰሙት። አባቷ የማጥበቂያውን መፍቻ ቁልፍ አንስቶ መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደገፈና መውጣት ጀመረ። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ሌላ ቀን ቢሆን «መሰላሉን ያዥልኝ» ይላት ነበር።

ዛሬ አልጠየቃትም። ሄዳ ያዘችው።