ሳይጠይቅ ያለፈ ሞተር

የአምቡላንሷ አብራጅ ዛሬም ዋሸ። አብራጅ ማለት ሱፐርቻርጀሩ አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዝ፣ የራሱ አእምሮ ያለው መሣሪያ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ነዳጁን ሃይድሮጂን ያለጊዜው አቀጣጥሎ ሞተሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ አብራጁ «ሞቋል» ካለ የሞተሩ ጉልበት ይቀነሳል፣ መኪናዋም ትንፏቀቃለች። በዳሎል የጨው ሜዳ ላይ ማንም አይከራከረውም።

የአምቡላንሷ ነርስም መካኒክም የሆነችው ቤዛዊት ግን ተከራከረችው። መሣሪያውን የሠራችው እሷ ናት፤ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ፈታታ ገጥማዋለች። «አርባ ስምንት ዲግሪ!» አለች መለኪያውን በጣቷ እየመታች። «ከዚህ በላይ ምን ይቀዝቅዝልህ? በረዶ ላምጣልህ?»

ጊዜው የቀልድ አልነበረም። ከጨው ቆራጮቹ ሰፈር ጣሃ የሚባል ሰው ሙቀት ጥሎት እየጠበቃቸው ነው። ጥሪው እንደደረሳቸው የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ ሬዲዮውን ዘጋው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልደረሱለት ይሞታል።

ከፊት አንድ መኪና ብቅ ሲል አብራጁ እንደገና «ሞቋል» አለ። መኪናው አልፏቸው ሲሄድ ጉልበቱ ተመለሰ። ቤዛዊት ይሄኔ ነቃች።

«ጋሽ ሐንፈሬ፣ ይሄ ነገር የሚሞቀው መኪና ሲያይ ብቻ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ሹፌር ሳቀ። «አልሞቀም። ዳጉ እየተለዋወጠ ነው።»

ዳጉ የአፋር ሰው ወግ ነው፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ሳይናገር፣ የሌላውንም ሳይጠይቅ አያልፍም። ሐንፈሬ በዚህች መኪና አሥር ዓመት ሙሉ ላገኘው ሁሉ ሲቆም ኖሯል። አብራጁም ከእሱ ተማረና የመንገዱን ወሬ ከሌላው መኪና አብራጅ መጠየቅ ጀመረ። ፍጥነት ለመቀነስ የተፈቀደለት ምክንያት ግን አንድ ብቻ ስለሆነ «ሞቋል» ይላል።

«ሰው እየሞተ የምን ወሬ ነው!» ቤዛዊት ደሟ ፈላ። ክዳኑን ከፍታ አብራጁ የሚነጋገርበትንም ፍጥነት የሚቀንስበትንም ሽቦ ነቀለችው። «ከእንግዲህ አየርህን ብቻ አቀዝቅዝ!»

መኪናዋ ተፈተለከች። ትንሽ እንደሄዱ አንድ ጨው ጫኝ መኪና ከፊት መጣ፤ ሹፌሩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ እጁን ያውለበልባል።

«እንቁምለት» አለ ሐንፈሬ።

«ሰላምታውን ሲመለሱ ያደርሱለታል። ይንዱ!»

አለፉት። አቧራው ዋጠው።

ሰፈሩ ሲደርሱ የበሽተኛው ድንኳን ባዶ ነው። አንዲት ሴት ወጥታ ግራ ገብቷት አየቻቸው። «ጣሃን? ቆያችሁብን ብለን በጨው መኪናው ወደ ሆስፒታል ላክነው እኮ! መንገድ ላይ አላገኛችሁትም?»

ቤዛዊት ከራሷ በቀር የምትቆጣው ሰው አልቀረም። ሽቦውን መልሳ ሰካች፤ በመጡበት ተመለሱ።

ሃያ ኪሎሜትር ሳይሄዱ ያው የጨው መኪና መጣ። የሚመጣው ደግሞ ወደ እነሱ ነው፤ ጀርባውን ለሆስፒታሉ ሰጥቷል። ቤዛዊት አምቡላንሷ በቅጡ ሳትቆም ዘላ ወረደች። ጣሃ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ተጋድሟል፤ ትንፋሹ አለ። ቀዝቃዛውን ግሉኮስ ክንዱ ላይ ሰክታ በሹፌሩ ላይ ጮኸች።

«በሽተኛ ጭነህ ወዴት ነው የምትመለሰው? አብደሃል?»

«እናንተን ፍለጋ ነዋ!» አለ ሹፌሩ። «መኪናችሁ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አለፈች። በዚህ በረሃ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ቢደርስበት ነው። እኔስ መንገዴን ልቀጥል ነበር። ካልተመለስን ብሎ እምቢ ያለው ይሄ በሽተኛው ነው።»

ጣሃ ዓይኑን ገለጠ። የተሰነጣጠቀ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ቤዛዊት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ደኅና ናችሁ?» አላት።