የተጋደሙት ብልቃጦች

«ዝም በይ! የጋዙን ቁልፍ ከአንቺ ሌላ ማን ይነካል?»

«እትዬ፣ በእናትዎ ይመኑኝ፤ እኔ ጋሼን እንደ አባቴ ነው...»

«ጋሼ አትበዪው! ሰው ገድሎ ጋሼ!»

«ቀስ በሉ» አለ መርማሪው በሟቹ ሚስትና በተማሪዋ መካከል እየገባ። ይህን ቃል ስለሚያበዛ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ቀስ በሉ» ነበር የሚሉት።

ሟቹ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ የሴትየዋ ባል ነበር። ወገቡን ስለሚያመው፣ ከምሳ በኋላ የፍራፍሬ ዝንቦች በሚረቡበት ጠባብና ሞቃት ክፍል ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ይተኛል። ዛሬ ከዚያ አልተነሣም። ዝንቦቹን ለማስተኛት የሚያገለግለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቱቦ ተነቅሎ፣ ሲሊንደሩ ባዶውን ተገኘ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መጀመሪያ የሞላው ወለሉን ነው።

ከሰዓት በኋላ በሕንፃው የነበሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ባሏን ልትወስድ የመጣችው ሚስት፣ ምክትሉ፣ እና የዶክትሬት ተማሪዋ።

«ለምን እሷን ጠረጠሩ?» አላት መርማሪው ሚስቲቱን ለብቻዋ ገለል አድርጎ።

«ከምሳ በፊት ደውሎልኝ ነበር። ‹የልጅቷ ዝንቦች ዥንጉርጉር ሆኑብን፣ ልፋታችን ገደል ገባ፤ የቀሩን ላይኛው መደርደሪያ ያሉት ብቻ ናቸው› አለኝ። ተቆጥቷት ይሆናላ! ምክትሉን እንኳ ሊያሰናብተው መሆኑን ሲነግረው ሰውየው ክፉ አልተናገረም።»

ምክትሉ ከማይሰማበት ርቀት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

መርማሪው አስከሬኑ ተነሥቶ ወደተናፈሰው የዝንቦቹ ክፍል ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በመደርደሪያዎቹ ላይ አፋቸው በጥጥ የተወተፈ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር ገንፎ መሳይ ምግብ አለ። በቆሙት ብልቃጦች ውስጥ ዝንቦቹ ምግቡ ላይ ተጣብቀው ሞተዋል። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ግን አንድ ሙሉ ሣህን ብልቃጥ በጎኑ ተጋድሟል፤ በነዚያ ውስጥ ዝንቦቹ መስተዋቱ ላይ ይመላለሳሉ።

«እኛ ቤትማ ያለምንም ሣህን ይረባሉ» አለ አብሮት የመጣው ፖሊስ። ማንም አልሳቀለትም።

«እነዚህ ለምን ተጋደሙ?» አለ መርማሪው።

«ዝንብ በጋዝ ሲተኛ ብልቃጡ ይጋደማል» አለ ምክትሉ። «ከቆመ ምግቡ ላይ ወድቆ ይጣበቃል። ሲነቃ ይቆማል። ከምሳ በፊት ብቅ ብዬ ሳይ ሁሉም ቆመው ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተጋደሙት የሷ ናቸው። ለመናገር ይከብደኛል እንጂ...»

«ጋዙን የከፈተው ሰው አስቀድሞ አድኗቸዋል ማለትዎ ነው።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። «ጠዋት አስተኝቼ ነበር፤ ሲነቁ አቁሜያቸው ወጣሁ። እኔ አይደለሁም። እኔ ከታሰርኩ እናቴን ማን ያነሣታል? አልጋ ላይ ናት እኮ!»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

«ቀስ በል። እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ዝንቦቹ ምን ይሠሩላችኋል?»

«ዲኤንኤ ሴል ውስጥ ፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚቀመጠው፤ ክሮማቲን እንለዋለን» አለች። «ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል ላላ ያለበት ቦታ ቶሎ ይገለበጣል፣ ማለት ቅጂው ይሠራል፤ የተጠቀጠቀው መጨረሻ ላይ። እኛ ጥቅጥቁ የላላላቸውን ዝንቦች አረባን፤ ዘግይቶ የሚገለበጠው ይቀድም እንደሆነ ለማየት።»

«በምን ትለዩአቸዋላችሁ?»

«በዓይናቸው። የቀዩ ቀለም ዘረ መል ያለው ጥቅጥቁ ጋ ነው። ሲላላ ዓይናቸው ሙሉ ቀይ ይሆናል፤ ካልላላ ዥንጉርጉር።»

መርማሪው ከተጋደሙት አንዱን ብልቃጥ አንሥቶ ሁሉንም ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራቸው። ልጅቷ ዝንቦቹን በበረዶ አደንዝዛ አስቀመጠችለት። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ዥንጉርጉር ናቸው።»

«ከተራ ዝንብ ጋር ተዳቅለውብናል» አለች። «ጠዋት ነው ያወቅነው፤ እኔና ጋሼ ብቻ።»

«ይህ የሷ ቃል ብቻ አይደለም» አለ መርማሪው። «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ በስልክ የነገረዎት ይህንኑ ነው። ዋጋ ያላቸው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። እነሱ ግን ቆመው፣ ምግቡ ላይ ተጣብቀው አለቁ። እሷ ብትሆን የማይረባውን አድና የሚረባውን ትገድላለች? ስለዚህ ገዳዩ ማጋደም የሚያውቅ፣ የጠዋቱን ወሬ ግን ያልሰማ ሰው ነው። » ወደ ምክትሉ ዞረ። «እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሳስተምር ነበር» አለ ምክትሉ። «ይህም ማስረጃ ሆኖ ነው?»

«ሊያሰናብትዎ ነበር። እሱ ሞቶ፣ እሷ ታስራ፣ ግኝቱ ለማን ይቀራል?»

ምክትሉ ልጅቷን በክርኑ ገፍቶ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋ። አየ። ሌላ ብልቃጥ አስመጣና አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንዴት... እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ያለውን ራሱም የሰማው ኋላ ነው። እጁን ሳይጠየቅ ለፖሊሱ ዘረጋ።

ሚስቲቱ ወንበር ላይ ወድቃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መርማሪው የቱቦውን ጫፍ ለማስረጃ በላስቲክ ይጠቀልል ጀመር። ልጅቷ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ብርሃን ያዘቻቸው፤ በጣቷም መታ መታ አደረገቻቸው። የተንቀሳቀሰ አልነበረም። የመጨረሻውን በጎኑ አስተኛችው። ከዚያ ነጭ ጋወኗን አውልቃ ሚስማሩ ላይ፣ ከሟቹ ጋወን ጎን ሰቀለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።