ጋሽ ቦንሳ ያልዘጉት ክዳን

ሬሳው ጃኬት ለብሶ ነበር ማለት ትክክል አይሆንም። ጃኬት ተደርቦለት ነበር።

ኢንስፔክተር ሪሐና መሐሙድ ቅዳሜ ጠዋት ጎፋ ወደሚገኘው የራጅ ማዕከል ተጠርታ ስትመጣ መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገባው ይኸው ነው። የሃያ ሰባት ዓመቱ ሕዝቅኤል፣ የማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሰርቨሩ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት እጁን ጠረጴዛ ላይ አጣጥፎ፣ ግንባሩን በላያቸው ደፍቶ ቀርቷል። ጃኬቱ ትከሻውን አልፎ እስከ ክርኑ ወርዷል፤ ኮሌታው ማጅራቱን እንዲሸፍን ወደ ላይ ተገልብጧል። ፊቱ ደግሞ ቀላ ብሎ፣ ቀስቅሱኝ የሚል ይመስላል።

ሐኪሙ የመስኮቱን ክፍተት አሳያት። ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጄኔሬተር ቆሟል።

«ጭሱ ነው» አለ። «ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ቀጥሎ ያስተኛል። በሩ ተዘግቶ ነው የተገኘው። ክፍት ቢሆን ኖሮ ራሱን እያመመውም ተነስቶ ቤቱ ይገባ ነበር።»

ሪሐና ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትጠይቅ ሴት ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሙጫ» ይሏታል፤ የያዘችውን አትለቅምና። እሷም ስሙን ታውቀዋለች፣ አልተቀየመችም።

በር ላይ የሟች እናት ወይዘሮ ገዲሴ ከፉሪ በታክሲ መጥተው አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሥራ ሲበዛበት ስለሚያድር ሌሊቱን ሙሉ አልጠረጠሩም፤ አሁን የሚቆጫቸው እሱ ነው። ከኋላቸው የቆመው ሰው ደግሞ ሹክሹክታውን ጀምሮታል። «ራሱን ነው ያጠፋው አሉ። በሩን በላዩ ዘግቶ።» እናት ይሰማሉ። የሪሐናን እጅ ያዙ።

«ልጄ» አሏት፣ «ልጄ ጥሎኝ ሄደ ወይስ ወሰዱብኝ? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ሪሐና ለሐዘንተኛ ቃል የመግባት ልማድ የላትም። ያን ቀን ግን ገባች።

የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ አባይነህ ወንበራቸው ላይ ተኮፍሰው ተቀበሏት።

«የሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለው ጀመሩ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ደግሞ ሳይወቅስ አይጨርስም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰርቨሩ አሰቃየን። ትልልቅ ምስል ወደ ሆስፒታል ስንልክ ቀጥ ይላል። ዲስኩ ይጠፋል፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ሕዝቅኤል ሲስተሙን አዲስ ካደረገው ወዲህ ነው ይህ የመጣው። ዓርብ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠሁት። ከዚያ ማሽኑ የሚሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ደመሰሰ፣ በሩን ዘጋ። ሌላ ምን ይባላል?»

«መዝገቡን እሱ መደምሰሱን በምን ዐወቁ?»

«በእሱ ስም ነዋ የተደመሰሰው!»

ከእሳቸው ቀጥላ ያነጋገረችው ኤልያቄምን ነው። የኔትወርክ ቴክኒሻኑ ኤልያቄም የሕዝቅኤል ባልንጀራ ነው፤ ስድስት ዓመት በአንድ መዘምራን አብረው ዘምረዋል። ዓይኑ አብጧል። ከጀርባው ያለው የመለዋወጫ መደርደሪያ በእጁ ጽሑፍ ቁጥር ቁጥር ተሰጥቶት፣ እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ንጹሕ መደርደሪያ ሪሐና በቤቷም አይታ አታውቅም።

«ይህ ከርነል የምትሉት ነገር ምንድን ነው? እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ እንደ ልጅ አስረዳኝ።»

«የሲስተሙ አስኳል ነው። ዲስኩም ኔትወርኩም የሚሠሩት በእሱ ትእዛዝ ነው። እሱ ሲሳሳት ማሽኑ ባለበት ይደርቃል።»

«ለምን እንደደረቀ አይጽፍም?»

«ይጽፋል። የሚጽፈው ግን መረጃው ሁሉ በሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ራሱ ከጠፋ የት ይጽፈዋል?» አለና አንገቱን ደፋ። «ሕዝቄ ሦስት ሳምንት የተሰቃየው ለዚህ ነው። ማሽኑ ሳይናገር ነው የሚሞተው።»

«ዓርብ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

ሪሐና ጻፈችው።

የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ ቦንሳ ግን ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። ገና ስታያቸው እንባቸው ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ ኢንስፔክተር፣ ያሰሩኝ። መብራት በዘጠኝ ሰዓት ጠፋ። ዝናቡ ደግሞ ጠና። ጄኔሬተሩ እንዳይበሰብስ ብዬ ጣሪያው ሥር አስጠጋሁት። ያ ረቢ፣ መስኮቱን ልብ አላልኩትም! በአሥራ ሁለት ሰዓት መብራት ሲመጣ አጠፋሁት። የልጁ ክፍል ጨልሟል፣ በሩም ተዘግቷል፤ ወጥቷል ብዬ ተውኩት። መብራቱን ባይ ኖሮ አንኳኳ ነበር።»

«ሁልጊዜ በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው?»

«ኧረ በጭራሽ! ጄኔሬተር ከተነሳ በአሮጌ ዲስክ ይደግፈዋል፤ ይሞቀኛል ይላል። ዓርብም በአሥር ሰዓት ሳልፍ ተደግፎ ነበር።»

ሪሐና ተመልሳ ዲስኩን ፈለገችው። ከበሩ ሥር የለም። ጠረጴዛው ላይም የለም። ያገኘችው መደርደሪያው ላይ ነው፤ አሥራ አራት የሚል ቁጥር የተለጠፈበት ቦታ፣ አቧራው ተጠርጎ። ከዚያ የሟች ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጇን አጣጥፋ ግንባሯን ደፋች፣ የራሷን ጃኬት በራሷ ላይ ለመደረብ ሞከረች። ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴም ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ወደ ጥበቃ ቤቱ ስትመለስ አንድ ቀጭን ገመድ በጣሪያው በኩል እንደሚገባ አየች። ገመዱ የሚያልቀው ከጋሽ ቦንሳ ሬዲዮ አጠገብ፣ ክዳኑ የተከፈተ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ነው።

«ይህስ የማን ነው?»

«የእሱ ነው። ሐሙስ ነው ያስቀመጠው። ‹ጋሽ ቦንሳ፣ ማሽኑ ሲሞት የሚጽፍበት ዲስክ የለውም። የመጨረሻ ቃሉን በዚህ ገመድ ለእርስዎ ይልክልዎታል። ለማንም አይንገሩ፤ ይሳቅብኛል። ክዳኑን ብቻ እንዳይዘጉት› አለኝ።» ጋሽ ቦንሳ በእጃቸው መዳፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አልዘጋሁትም።»

ሪሐና ማያ ገጹን አነበበች። በላቲን ፊደል የተጻፈውን አማርኛ ራሷ ጨረሰችው፤ የቀረውን የማሽን ቋንቋ እሑድ ከመሥሪያ ቤቷ የመጣ ባለሙያ እዚያው ቁጭ ብሎ አነበበላት። ላፕቶፑ ከቦታው አልተነሳም፣ ክዳኑም አልተዘጋም። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ሪሐና ቶሎ አልተነሳችም፤ እሷም ወንድም አላት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታካሚው ሲያልቅ ሁሉንም በእንግዳ መቀበያው ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ገዲሴ ነጠላቸውን ወደ ታች አዘቅዝቀው ጥግ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቦንሳ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ኤልያቄም መቀመጥ አልፈለገም።

«መርዋ» አለች ሪሐና ወደ ራጅ ባለሙያዋ ዞራ፣ «ሰርቨሩ እንዴት ሰነበተ?»

«ምስል ሲልክ ከበፊቱ ቀስ ይላል። ግን ከቅዳሜ ወዲህ አንዴም አልቆመም።»

«አላልኳችሁም?» አሉ አቶ አባይነህ። «ልጁ ሲቀር ተሻለው።»

«እኔን የገረመኝም እሱ ነው። ሐኪሙ ሞቶ በሽተኛው ዳነ። ማሽን በራሱ አይድንም፤ ያዳነው ሰው አለ።» ሪሐና ከወንበሯ ተነሳች። «በጃኬቱ ልጀምር። እጁን አጣጥፎ የተደፋ ሰው በራሱ ላይ ጃኬት መደረብ፣ ኮሌታውንም ማጅራቱ ላይ መገልበጥ አይችልም። ሞክሬዋለሁ። ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው አለ። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ብሎ አይጨነቅም። የገባው ሰው የሚወደው ሰው ነው፤ የተኛም መስሎታል።»



«ያ ሰው መብራቱን አጠፋለት፣ በሩን ዘጋለት። በሩን ለመዝጋት ደግሞ የተደገፈበትን አሮጌ ዲስክ ማንሳት ነበረበት። ጋሽ ቦንሳ ቢሆኑ በእግራቸው ገፋ አድርገው ያልፉ ነበር። አቶ አባይነህ ደግሞ ለአሮጌ ዲስክ አያጎነብሱም።» አቶ አባይነህ ሊቆጡ ከጀሉና ተዉት። «ዲስኩ ግን አቧራው ተጠርጎ አሥራ አራት ቁጥር ላይ ተገኘ። ሰው ሲደነግጥም እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው።»

«መዝገቡስ?» አሉ አቶ አባይነህ፣ አሁን ድምፃቸው ቀንሷል። «በሕዝቅኤል ስም ነው የጠፋው።»

«ማሽኑን ከፍቶት ነዋ የተኛው። ጣቱ የማን እንደሆነ ማሽን አያውቅም። ሕዝቅኤል ሊደመስስ ቢፈልግ ኖሮ ጋሽ ቦንሳ ጋ ያለውን አይረሳም ነበር፤ ያስቀመጠው እሱ ነው። የደመሰሰው ሰው ይህ ላፕቶፕ መኖሩን አያውቅም። ላፕቶፑ ደግሞ ሁሉንም ይዟል። ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ደረቀ፣ የመጨረሻ ቃሉንም እዚህ ላከ። ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም፣ የዲስኩም አይደለም። በቅርቡ የተገጠመ የኔትወርክ ካርድ ነው። ካርዱ ትልቅ ምስል ሲልክ፣ ከርነሉ በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ለዲስኩ የያዘለት ቦታ ላይ እየጻፈ ያበላሽበታል። ሦስት ሳምንት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ስትሉ ነው የከረማችሁት። አሥራ አንድ ከሃያ ላይ ደግሞ ገመዱ ከካርዱ ተነቅሎ ከማሽኑ ጋር አብሮ ወደተሠራው ቀዳዳ ተመለሰ። ያኛው ቀርፋፋ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። የትኛውን ገመድ የት እንደሚመልስ የሚያውቅ፣ ሕዝቅኤልን የሚወድ፣ መደርደሪያውን በእጁ የጻፈ ሰው ከመካከላችሁ አንድ ነው።»

ኤልያቄም ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የተኛ መስሎኝ ነው» አለ።

«ንገራቸው።»

«የድሮውን ካርድ መብራት ሲመላለስ እኔ አቃጠልኩት። ቋሚ አልሆንኩም ነበር፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ተመሳሳይ ነው ያሉኝን ገዝቼ ዝም ብዬ ገጠምኩ። ማሽኑ መቆም ሲጀምር ጠረጠርኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ሕዝቄ በእኔ ፋንታ ሲሰደብ እሰማ ነበር።» ወለሉን እያየ ቀጠለ። «ዓርብ ወደ ቤት እንሂድ ልለው ገባሁ። ተደፍቷል። ስክሪኑ ላይ የካርዱን ስም አየሁት። ዓይኔ ጨለመ። ከታች ያለውን ሳላነብ ደመሰስኩት፣ ገመዱን መለስኩት። እንዳይነቃብኝ በጫማዬ ጫፍ ነው የሄድኩት። ብርድ እንዳይመታው ጃኬቱን ደረብኩለት፣ መብራቱን አጠፋሁለት፣ በሩን… ድምፅ እንዳያሰማ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ብቀሰቅሰው ኖሮ…»

 

ሪሐና ላፕቶፑን ከጋሽ ቦንሳ ጭን ላይ ወደ ራሷ አዞረችው። ይህን ላታነብ ትችል ነበር። ነገር ግን ለእናትየው ቃል ገብታለች፣ ልጁም ያልሠራው ኃጢአት ተለጥፎበታል።

«ሳታነብ የደመሰስከው ይህ ነው» አለች። «ሕዝቅኤል ሲሠራ ማስታወሻውን ከከርነሉ መዝገብ ጋር ይጽፍ ነበር። አሥር ከአርባ አራት፦ ‹ተገኘ! ካርዱ ነው።› አሥር ከአርባ ሰባት፦ ‹ካርዱን የገጠመው ኤሉ ነው። ለጋሽ አባይነህ እኔ ነኝ የገጠምኩት እላቸዋለሁ። እኔን ቢቆጡኝ ነው፣ እሱን ያባርሩታል።› አሥር ከሃምሳ ሁለት፦ ‹ራሴን ከበደኝ። ትንሽ ጋደም ልበልና ለኤሉ እደውልለታለሁ። እማዬ ጋ አብረን እራት እንበላለን።› ከዚያ በኋላ ምንም የለም።»

ኤልያቄም አላለቀሰም። መርዋ ናት ያለቀሰችለት። አቶ አባይነህ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ቅጂ ያለበትን ማኅደር ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ከጀርባቸው ደበቁት።

ሪሐና እናትየው ፊት ተንበረከከች። «ጥሎሽ አልሄደም፣ እናቴ። ማንም ሊወስድብሽ አስቦም አልመጣም። ትንሽ ጋደም ሊል ነው ያለው። እራት ሊመጣ ነበር።»

 ወይዘሮ ገዲሴ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠው ልጅ ዞሩ። ቤታቸው ስንት ቀን የበላ ልጅ ነው።

«ኮሌታውን ያነሳህለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማጅራቱን ይበርደዋል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ» አሉ።  አልረገሙትም፣ አላቀፉትም። ሪሐና ጣቢያ ልትወስደው ክንዱን ስትይዘው ብቻ፣ አንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ ቦንሳ ላፕቶፑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። የማያ ገጹ ብርሃን አገጫቸው ላይ ያርፋል።

«እንግዲህ… አሁን ልዝጋው?» አሉ።

ወይዘሮ ገዲሴ ከደጃፉ ዞሩ።

«ተዉት፣ ጋሽ ቦንሳ» አሉ። «እርስዎም አይዝጉበት።»