ሁሉን የሚቀበለው ቤተ መጻሕፍት

ያቤጽን በአካል ከማየቴ በፊት የማውቀው በአንድ ቃል ነበር፤ «እንቀበላለን»።

የምሠራው ከተማው መሃል፣ በአንድ ሚኒስቴር ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አረጀ ብሎ ዝም ብሎ አይጥልም። ሥራችንን የማይመለከተውን መጀመሪያ ለሌሎች የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በኢሜይል እናቀርባለን። የፈለገ መጥቶ ይጭናል፤ ማንም ካልፈለገው ይወገዳል። ያን ዓመት ሚኒስቴሩ የቦታችንን ግማሽ ለሌላ ክፍል ሰጠብን። እስከ ቀጣዩ ማርች መጨረሻ ድረስ የሚቀረውንና የሚሄደውን የምለየው እኔ ሆንኩ። መጽሐፍ ወድጄ የገባሁበት ሙያ መጽሐፍ ማባረር ሆኖ አረፈው።

አብዛኞቹ ቤተ መጻሕፍት አይመልሱልኝም፤ የሚመልሱትም «አንፈልግም» ይሉኛል። ከከተማው ዳር ዳውንስቪው ያለው፣ ስለ ሐይቅና ስለ ወንዝ ብቻ የሚሰበስበው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ግን የላክሁለትን ሁሉ ይቀበላል። የመሰላል ደህንነት መመሪያ ላክሁ፤ «እንቀበላለን»። የአሳንሰር ቁጥጥር ደንብ ከነማሻሻያዎቹ ላክሁ፤ «እንቀበላለን»። ከሥሩ ስሙ ብቻ፤ ያቤጽ።

ደወልኩለት። በእንግሊዝኛ ጀመርን፤ ድምፁን ስሰማ ግን አላስቻለኝም።

«ይቅርታ፣ ሀበሻ ነህ?»

«አዎ» አለ፤ ሲያጠፋ የተያዘ ሰው ይመስል።

«አክሱማዊት እባላለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ የአሳንሰር ደንብ ለሐይቅ ቤተ መጻሕፍት ምን ይሠራለታል?»

«ምናልባት... ሰው ሊጠይቅ ይችላል።»

«ማን? ዓሣዎቹ ናቸው በአሳንሰር የሚወጡት?»

ሳቁ አንዴ ከመጣ በኋላ ማቆም ተቸገረ። እኔም ተቸገርኩ።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱን ቫን እየነዳ መጣ። ዕቃ በሚጫንበት የኋላ በር ቆሜ ጠበቅሁት። የሰው ቦታ እንዳያጣብብ የሚጠነቀቅ ይመስል ትከሻውን ሰብሰብ ያደረገ ረጅም ልጅ ነው። እያንዳንዱን ካርቶን ከማንሳቱ በፊት ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ የተጻፈበትን ያነባል። የመጨረሻውን ካርቶን ከሁለት ጫፍ ይዘን ስናነሳ ቀና አለ፤ ዓይናችን ተገጣጠመ። ካርቶኑ ከባድ ነበር። ሁለታችንም ቶሎ አላስቀመጥነውም።

«ቅዳሜ ዳንፎርዝ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ በአንዱ ምሳ እንብላ?» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ቅዳሜ ሽሮ አዘዘ። አስተናጋጇ ምስር ወጥ አመጣችለት። ቀና ብሎ አመሰገናትና መብላት ጀመረ።

«ሽሮ አልነበር እንዴ ያዘዝከው?»

«ምስርም ጥሩ ነው።»

«ለምን አትነግራትም?»

«ሥራ በዝቶባታል እኮ፣ አታያትም?»

ያኔ ደግነት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሰመሩን፣ ሞቃቶቹን ወራት፣ እንዲህ አሳለፍን። ሐይቁ ዳር እንሂድ? እሺ። ፊልሙ አሰልችቶኛል፣ እንውጣ? እሺ። እኔ አቀርባለሁ፣ እሱ ይቀበላል። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሄዳል፤ ስንታጠፍ ምንም ሳይናገር ዞሮ ቦታ ይለውጣል። ሳወራ ዓይኑን ከፊቴ አያነሳም። ይወደኛል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ብቻዬን ባቡር ውስጥ ስቀመጥ ያ ምስር ትዝ ይለኛል። ሌላ ሴት ቀድማኝ «ዳንፎርዝ እንሂድ?» ብትለው ኖሮስ? እኔ ያዘዘው ነኝ ወይስ የቀረበለት?

ይህን ለጓደኛዬ ለመሰረት ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«እሺ የሚል ወንድ አገኘሁ ብለሽ ነው የምታለቅሺው? የእኔ ባል ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ነይ እንቀያየር!»

አልሳቅሁም።

ኦክቶበር ላይ ለሥራ ስብሰባ እሱ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስደርስ አንዲት ተመራማሪ የፈለገችው የወንዝ ካርታ ካለበት መድረስ ስላልተቻለ፣ ያቤጽ ነገ እንድትመለስ እየለመናት ነበር። በመደርደሪያዎቹ መካከል መተላለፊያ የለም። ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል። ሁሉም እኔ እንዳሸግኋቸው ናቸው፤ የላዩ ጽሑፍ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ያቤጽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀስ በቀስ እመዘግባቸዋለሁ።»

«ካታሎግ ውስጥ ያልገባ መጽሐፍ የለም ማለት ነው። እኔ ብጥለው ይሻል ነበር። አንተ እኮ ቀበርከው! የራስህን መጽሐፍም አብረህ ቀበርከው!»

«እምቢ ልልሽ አስቤ... ከበደኝ።»

«ለምን ይከብድሃል? ኢሜይል እኮ ነው!»

«መጀመሪያ ይሉኝታ ነው። 'እባካችሁ' ብለሽ ነበር የጻፍሽው።» አንገቱን ደፋ። «በኋላ ደግሞ፣ ካልተቀበልኩ ወደ አንቺ የምመጣበት ምክንያት የለኝም።»

ንዴቴ ሊበርድልኝ ሲል ስልኩ ጮኸ። አክስቱ እትዬ ተናኘ ናቸው፤ ለትምህርት ሲመጣ ሬክስዴል ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ አስቀምጠው፣ አብልተው ያስጨረሱት።

«አቤት እትዬ... እሺ... ቅዳሜ? እ... እሺ። እሺ እትዬ።»

«ቅዳሜ ምን አለ?» አልኩት።

ወለሉን አየ። «ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ልጅ አለች፤ ኤልያና። እትዬ ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊልኩ ነው።»

«ለማን ብለው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከእሱ አፍ እንዲወጣ ፈለግሁ።

«ለእኔ።»

«እሺ አልካቸው?»

«እምቢ አላልኳቸውም።»

«ትወዳታለህ?»

«በደንብ እንኳ አላውቃትም።»

«ታዲያ ስለ እኔ ለምን አልነገርካቸውም?»

«አክሱ፣ ስንት ነገር ነው ያደረጉልኝ። በምን አፌ...»

የማሸጊያው ፕላስተር አንዱ ካርቶን ላይ ተላጦ ተንጠልጥሏል። እሱን እያየሁ ነው የተናገርኩት፤ ፊቱን ባይ እንደማልጨርስ አውቅ ነበር።

«ሁሉን የሚቀበል ቤት ቤተ መጻሕፍት አይደለም። መጋዘን ነው። እኔ ደግሞ መጋዘን ውስጥ አልገባም፣ ያቤጽ። እንዳትደውልልኝ።»

«እሺ» አለ በቀስታ።

«እሺ አትበለኝ!»

ተመራማሪዋ ዞራ አየችን። ወጣሁ።

በረዷማው ክረምት ረዘመ። ኤግሊንተን ዌስት ጣቢያ ባቡሩን የሚተካውን ሻትል ባስ ስጠብቅ እግሬ ይደርቃል፤ ባሱ ሲመጣ ሞልቶ ያልፈኛል። ቢሮ ስገባ ማናጀሬ ዕቅዱን እንደገና ቀይራለች፤ ባለፈው ሳምንት «ይቀራል» ያልነው መደርደሪያ በዚህ ሳምንት ይሄዳል። ስልኬን አያለሁ። አትደውል ስላልኩት አይደውልም። ያንንም እሺ ብሎ ተቀብሏል! አንዳንዴ ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሽማግሌዎቹ ሄደው ይሆናል። የኤልያና ቤተሰቦች ተቀብለዋቸው ይሆናል። ማንን እጠይቃለሁ?

ማርች ላይ የመጨረሻውን ኢሜይል ላክሁ። የድሮ የፋብሪካ ቁጥጥር ሪፖርት ነው፤ ጥራዝ በጥራዝ፣ ክብደቱ ወገብ የሚሰብር። ለሁሉም ቤተ መጻሕፍት ነው የላክሁት፤ ዓይኔ ግን የሚጠብቀው የአንዱን መልስ ነበር። እሺ እንዲለኝ ፈለግሁ። እሺ ካለኝ ደግሞ እንደምንቀው አውቃለሁ።

መልሱ በማግስቱ መጣ።

«አንቀበልም። የስብስብ ዕቅዳችን ሐይቅና ወንዝን ብቻ ይመለከታል። ከዚህ በፊት ያለ አግባብ የተቀበልናቸውንም ሐሙስ ጠዋት እንመልሳለን። ያቤጽ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ደሜ ፈላ። እምቢ ማለት ሲማር በእኔ ይጀምራል? ደግሞስ ቦታችንን ለማስረከብ ሳምንት ሲቀረኝ ያንን ሁሉ ካርቶን መልሶ ሊጭንብኝ?

ሐሙስ ቫኑ ሲቆም በሩ ላይ ነበርኩ።

«አሁን ነው የምትመልሰው? አሁን? የት ላድርገው?»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«ይቅርታህንስ የትኛው መደርደሪያ ላይ ላድርገው?»

«አክሱ፣ አንዴ ልናገር።»

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቀዝቃዛ ነፋስ በበሩ በኩል ሲገባ፣ እያወራ ወደዚያ በኩል ዞሮ ቆመ።

«እትዬን እምቢ አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ። የምወዳት ልጅ አለች አልኳቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት፤ ክረምቱን ሙሉ አላናገሩኝም።»

«ያኔ? ያኔ ነው ያልካቸው?» ድምፄ ምድር ቤቱን ሞላው። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እዚህ...»

«ያኔ ብመጣ፣ 'ስለተቆጣሁ ነው የመጣው' ትይ ነበር። እኔም ራሴን አላመንኩም። መለማመድ ነበረብኝ።»

«ምኑን?»

«እምቢ ማለቱን። ከትንንሹ ጀመርኩ። ያላዘዝኩትን ቡና ሲሰጡኝ መለስኩ። ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ግን መለስኩ። ቤተ ክርስቲያን ኳየር ግባ ሲሉኝ፣ ድምፄ አስቀያሚ ነው፣ አልገባም አልኳቸው።»

«እምቢታህን ተቀበሉህ?»

«ወዲያው! አንድ ሰው እንኳ አልተከራከረኝም።»

መሳቅ አልፈለግሁም ነበር። አመለጠኝ።

«ኤልያናስ?»

«ቴክስት አደረገችልኝ። 'ተባረክ፤ እኔም እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው' አለች።»

«እናንተ ሁለታችሁ ተጋብታችሁ ቢሆን ኖሮ ማን ደፍሮ ፍቺ ሊጠይቅ ነበር!» አልኩና አፌን ያዝኩ። እሱም ሳቀ።

ካርቶኖቹን ማውረድ ጀመርን። እየተናደድኩ ነው የማወርደው፤ ንዴቴ ግን እንደ ክረምቱ ንዴት አልነበረም፤ አጠገቤ ያለ ሰው ላይ ነበር። ጨርሰን ስመለከት አንዱን አጣሁት።

«አንድ ካርቶን ጎድሏል።»

«እሱን አልመልስም።»

«የትኛው ነው?»

«ከከተማው ሥር ስለተቀበሩት ወንዞች የሚያወራው። ሠራተኞች ለቧንቧ ሲቆፍሩ ስላገኟቸው። ከላክሽልኝ ሁሉ የእኛ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ሁሉንም ካርቶን ከፍቼ፣ አንድ በአንድ አንብቤ ነው የመረጥኩት። ካታሎግ ውስጥ ገብቷል፤ መደርደሪያ ላይ ነው።» ቀና አለ። «ያቺ ተመራማሪ ትናንት ተዋሰችው።»

በእኛ ሙያ ይህን ያህል የሚያምር ነገር የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም።

«ዳንፎርዝ ምሳ እንሂድ?» አልኩት በመጨረሻ።

«አይ።»

ደነገጥኩ።

«ያንን ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደውም። ምስራቸው ጨው ይበዛዋል።» ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አስተካከለ። «እትዬ ባለፈው እሁድ ደወሉ። 'ያቺን ልጅ መቼ ነው የምታመጣት?' አሉኝ። ሳልጠይቃት አላመጣትም አልኳቸው። እየጠየቅሁሽ ነው። እሁድ ሬክስዴል ትመጫለሽ? እምቢ ማለት ትችያለሽ።»

በሩ ላይ የተቆለሉትን ካርቶኖች አየሁ። ማናጀሬን፣ የቀረኝን ሳምንት፣ ገና ያላየኋቸውን የእትዬ ተናኘን ፊት አሰብኩ። እሱ ዓይኑን አላሸሸም።

«እመጣለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን እነዚህን ሁሉ ወደ ውስጥ ታስገባልኛለህ። አንድም ሳታስቀር።»

«እሺ» አለ።

ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ካርቶን በአንድ ጫፍ ያዘ፤ እኔ በሌላው ያዝኩ። ከእሱ ከሰማሁት እሺ ሁሉ ያመንኩት የመጀመሪያው ይሄ ነው።